ካሜራው ጦሳ ላይ ቢቆም

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሸዋ ሮቢትን እንዳለፍን የአውቶቡሱ ረዳት ፊልም ከፈተልን። ቶፕ ገን ነው፤ የድሮው፣ በፈረንጆቹ 1986 የወጣው። ከሚሴ እስክንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ነበር። እኔም እንደዚያው። ጄቶቹ ሲገለባበጡ ልብ ይሰቅላሉ።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ይከነክነኛል። እዚያ ፊልም ላይ «ሚግ 28» እየተባሉ የሚመጡት ጥቁር የጠላት አውሮፕላኖች በዓለም ላይ የሉም። ጥቁር ቀለም የተቀቡ የአሜሪካ ኤፍ-5 ናቸው። ሐምሌ 1969 በጀመረው የኦጋዴን ጦርነት የእኛ አብራሪዎች የሶማሊያን ሚግ-21 የገጠሙት ደግሞ በዚሁ በኤፍ-5 ነው። ለእኛ የጀግና አውሮፕላን የሆነው ሆሊውድ ውስጥ ጠላት ሆኖ ይተውናል። አብዛኛው ተመልካች ይህን ሳያውቅ ያልፋል።

ኮምቦልቻ ሙቀት ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተን ደሴ ስንገባ ጃኬት ፍለጋ ሆነ።

በማግሥቱ ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና ይዘን ከአጎቴ ጎረቤት ጋር ተቀመጥን። አየር ኃይል ውስጥ በአውሮፕላን ላይ መሣሪያ ሲጭኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ የአውሮፕላን ፊልም ያያሉ?» አልኳቸው።

«ኧረ ተወኝ ልጄ! ጥይታቸው አያልቅም እኮ።»

ከዚያ ማንኪያውን አንስተው በሲኒው ማስቀመጫ ላይ አጋደሙት። «ይሄ የኤፍ-5 ክንፍ ነው በል። ሚሳኤሉ እዚህ ነው፣ ጫፉ ላይ። ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ። አፍንጫው ላይ ሁለት መድፍ አለ፣ 20 ሚሊሜትር። ለእያንዳንዱ 280 ጥይት። ሳትለቅ ከተኮስክ አሥራ አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ባዶ ነህ።»

አሥራ አንድ ሰከንድ! ፊልም ላይ ዋናው ተዋናይ ለአንድ ጠላት ብቻ ከዚያ በላይ ይተኩሳል።

ለዳይሬክተሮቹ ግን ትንሽ አዝንላቸዋለሁ። ሚሳኤል ብዙ ጊዜ የሚተኮሰው ኪሎ ሜትሮችን ርቆ ነው፤ በዚያ ርቀት ጠላት ነጥብ ነው። ሁለቱን አውሮፕላን አንድ ላይ ለማሳየት የግድ ማቀራረብ አለባቸው። ይህን ይቅር እላለሁ። ይቅር የማልለው ሌላውን ነው፤ ካሜራው ሁሌም አብራሪው ጋ ተቀምጦ ከታች ያለውን ሰው ሳያይ መቅረቱን።

ደሴ ላይ ይህ ነገር ያማል። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ ደበደቧት። ቤት ነደደ፣ ሰው አለቀ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ያኔ ደሴ ነበሩ፤ ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ከሰዓት በኋላ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ ትንሽ ወጣ ብዬ ከተማዋን ቁልቁል አየኋት። ተራራ መሐል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከላይ ለሚመጣ አውሮፕላን መደበቂያ የላትም።

የዚያን ጦርነት ፊልም ቀድመው የሠሩት ደግሞ ጣሊያኖቹ ናቸው። በፈረንጆቹ 1938 «ሉቺያኖ ሴራ፣ ፓይለት» የሚል ፊልም አወጡ። ሥራውን በበላይነት የመራው ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ ነው፤ የፋሺስቱ መሪ የቤኒቶ ሙሶሊኒ ልጅ፣ ራሱ ኢትዮጵያ ላይ ቦምብ የጣለ አብራሪ። ፊልሙ ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ በአባቱ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ወሰደ። አውሮፕላኖቹ እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ታሪኩ ግን የቦምብ ጣዩ ታሪክ ነው። የአውሮፕላኑን ዓይነት በትክክል ማሳየት ብቻውን ፊልምን እውነተኛ አያደርገውም የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን የእኛ ሰው የደሴን ፊልም ይሠራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የምፈራው ፈተናውን ነው። ተመልካች እንዲያጨበጭብ ብሎ ደሴ ሰማይ ላይ የአየር ለአየር ፍልሚያ እንዳይጨምርበት! እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የነበሩን አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላኖች በሚያንዣብቡበት ሰማይ መልእክት ያመላልስ ነበር። መተኮሻ የለውም፤ ያለው ደመናና ተራራ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልብ ሰቃይ ትዕይንት ይፈለጋል?

የኦጋዴኑም እንዲሁ። የኤፍ-5 አብራሪው ለገሠ ተፈራ ሚጎችን ከጣለ በኋላ የተመታው ከመሬት በተተኮሰ ነው፤ ከዚያ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ተቀመጠ። ፊልሙ ሚጎቹ ሲወድቁ ካለቀ ዋናውን ቆርጦ ጥሏል ማለት ነው።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «አብሽር፣ ይሠራል» አሉኝ። እኔ ግን መጠበቁ ያሳስበኛል። ስለ 1928ቱ ድብደባ ከእናት ከአባታቸው አፍ የሰሙ አዛውንቶች ደሴ ውስጥ አሁንም አሉ። የፊልሙ ገንዘብ እስኪገኝ አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ቤታቸው ይሂድና ድምፃቸውን ይቅዳ።