እየሰማሁ መመለስ ያቃተኝ ማታ

ሥራዎ ምን ነበር ሲሉኝ "ወታደር ነበርኩ" ብዬ አልፋለሁ። ጠለቅ ብሎ ለጠየቀኝ ደግሞ የመገናኛ መኮንን ነበርኩ እለዋለሁ። ጠመንጃም ነበረኝ፤ የሠራሁበት ግን ሬዲዮና ሽቦ ነው።

ሆለታ ትምህርቴን ጨርሼ ምክትል መቶ አለቃ በሆንኩ ማግሥት በ1970 መጀመሪያ ወደ ሐረር ግንባር ተላክሁ። ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ነበረች። በዚያ ሰሞን የለመድነው የአሜሪካ ሬዲዮ ቀርቶ የሶቪየት እየገባ ነው። ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሩሲያኛ! በነጭ ፕላስተር ላይ በአማርኛ እየጻፍን ለጠፍንባቸው። በጨለማ በዳሰሳ እስክንለያቸው ድረስ ተለማመድን።

የሚያስቸግረን ተራራው ነበር። በጀርባ የሚታዘለው ሬዲዮ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። መሃል ላይ እንደ ካራማራ ያለ ተራራ ከገባ አለቀ፣ ማዶ ያለው ክፍል አይሰማህም። ስለዚህ አጭር ሞገድ እንጠቀማለን። እሱ ሽቅብ ወጥቶ ከሰማይ ተመልሶ ይወርዳል። ብዙ ሰው አንቴና በጣም ከፍ ብሎ ካልተሰቀለ አይሠራም ይላል። ለቅርብ ርቀት ግን ሽቦውን ከመሬት ሦስት አራት ሜትር ላይ መዘርጋት ይሻላል፤ ሞገዱ ወደ ላይ ይወጣና ከተራራው ወዲህም ወዲያም ይወርዳል። የሽቦውን ርዝመት በሜትር የምናገኘው 142.5ን ለሜጋኸርዙ፣ ማለትም ለሞገዱ የድግግሞሽ ቁጥር፣ በማካፈል ነው። ለ5 ሜጋኸርዝ 28 ሜትር ተኩል ይሆናል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ አንድ ማታ አጠፋሁ።

ቀን ግንኙነታችን ጥርት ያለ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የሰማዩ ጠባይ ይለወጣል። ቀን የሠራው ሞገድ ማታ አይመለስም፤ ዝቅ ወዳለው ሜጋኸርዝ መውረድ ግድ ነው። ዝቅ ባልክ ቁጥር ሽቦው ይረዝማል፤ ለ3 ሜጋኸርዝ 47 ሜትር ተኩል ይፈልጋል። እኔ ግንኙነቱ ስላማረልኝ የማታውን ሽቦ ሳልዘረጋ መሸብኝ። በቀኑ ሽቦ ወደ ማታው ሞገድ ወረድኩ። ማዶ ያለውን ኦፕሬተር በስሱ እሰማዋለሁ። እኔ ስናገር ግን አይደርሰውም፤ ያጠረው ሽቦ ለመስማት ቢበቃም ለመላክ አልበቃም። ይጠራኛል፣ እመልሳለሁ፣ እንደገና ይጠራኛል። አዛዡ አጠገቤ ቆመው "ምን አለ?" ይላሉ። መብራት ማብራት ክልክል ነው። በጨለማ እሾህ ለእሾህ ሽቦ ስንጎትት አንድ ሰዓት ሄደ። ያ ልጅ ሰዓቱን ሙሉ መጥራቱን አልተወም። በድምፅ አልሆን ሲለው በሞርስ፣ ቀስ እያለ፣ የጥሪ ስሜን ይደጋግም ነበር።

ያቺ ሰዓት ዛሬም እንቅልፍ ትነሳኛለች። አስቸኳይ ትእዛዝ ቢኖረኝስ?

ከዚያ በኋላ በሥሬ ለነበሩት ሁሉ ሕግ አወጣሁ፦ 10 ሰዓት ሲል የማታው ሽቦ ተዘርግቶ፣ ተሞክሮ ማለቅ አለበት። ሁለተኛው ሕጌ ደግሞ የሰማኸውን ጻፍ፣ የመሰለህን አትጻፍ የሚል ነበር። አንዲት ቁጥር ካመለጠችህ አዛዥ ቢቆጣም "ይድገሙ" በል። የቦታ ቁጥር ከተሳሳተ መድፉ የሚወርደው በራስህ ሰው ላይ ነው።

ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመለሰች። መልእክቱን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ብዙ ዓመት ሰሜን ሠራሁ። ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን ሻለቃ ነበርኩ። የማውቀው ሙያ አንድ ነውና አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ጀመርኩ።

አንድ ቀን አንድ ሰው ሬዲዮ ይዞ መጣ። ብልሽቱን ሲነግረኝ መንገዱ ጫጫታ ስለነበረ "ይድገሙ" አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ የጥሪ ስሜን ጠራ። ለወራት ድምፁን እንጂ መልኩን አላውቅም ነበር።

"ያን ማታ ጠርቼ ጠርቼ..." አለኝ።

"እሰማዎት ነበር" አልኩት።