ከዊንዶውስ 10 ወደ ሊኑክስ ሚንት፦ አማርኛ ለሚጻፍበት ዴስክቶፕ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ከ8ኛ ትውልድ ኢንቴል በታች የሆነ ዴስክቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም። አራት ኪሎና ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ላሉ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቶች በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት 22 ጥሩ መውጫ ነው፦ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ ማሻሻያውም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይመጣል። እስካሁን የተስተካከለውና ገና የሚያስቸግረው ይኸው።

መጫኑ ቀላሉ ክፍል ነው። 8 ጊጋ ፍላሽ ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም ቡተብል (ማሽኑ የሚነሳበት) ይደረጋል፤ ማሽኑ ሲነሳ ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጭኖ ፍላሹ ይመረጣል። ኦፕቲፕሌክስ ላይ ኢንስቶለሩ ዲስኩን ካላገኘ መጀመሪያ ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ሴቲንግ) ውስጥ ዲስኩ የሚገናኝበት የሳታ ሞድ ይታይ፤ ሬይድ ላይ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ ይቀየር። ዊንዶውሱም አብሮ እንዲቆይ ከተፈለገ ግን በድንገት መቀየር ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፤ አስቀድሞ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ማዘዝ ያስፈልጋል። ፋስት ስታርታፕ የሚባለው የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻም ይጥፋ፣ አለዚያ ሚንት የዊንዶውሱን ፋይሎች ከማንበብ አልፎ መጻፍ ላይችል ይችላል። ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚይዝ ባትሪ) ደግሞ ባይጀመር ይሻላል።

ሁለቱ ሲስተሞች አንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ ዊንዶውሱ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ሚንት የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ሲይዝ ዊንዶውስ የአዲስ አበባ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ሚንት በአካባቢው ሰዓት እንዲይዝ አንዴ ማዘዝ ይበቃል። ቀኑ በዓመታት ወደኋላ ከሄደ ግን ሲአር 2032 ባትሪው አልቋል ማለት ነው፤ ብራውዘሩም ድረ ገጽ አልከፍትም የሚለው በዚሁ ሰበብ ነው።

ዋናው ሥራ አማርኛው ነው። ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ፣ ሌይአውት ስር፣ አማርኛ የሚል አለ፤ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ መጻፍ ለለመደ ሰው የሚሆነው ግን እሱ ሳይሆን አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ላይ የሚሠራው ሴራ የተባለ አጻጻፍ ነው። አይባስ ኤም17ኤን የሚባለው ፓኬጅ ይጫን፣ ኢንፑት ሜተድ ውስጥ አይባስ ይመረጥ፣ ሎግ አውት ተብሎ እንደገና ይገባ (አልሠራም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይቺን የዘለለ ነው)፣ ከዚያ በአይባስ ፕሪፈረንስ የአማርኛ ሴራ ይጨመር። መቀያየሪያው የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ነው።

ሴራ ላይ ተነባቢው ብቻውን ሳድስ ይሰጣል፦ የእንግሊዝኛው ኤል ብቻውን ል፣ ከኢ ጋር ለ፣ ከኤ ጋር ላ። ስለዚህ ሰላም ማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ነው። ሽ በኤክስ ይመጣል። ሺፍት ፊደሉን ራሱን ይለውጠዋል፦ ት ጥ፣ ች ጭ፣ ን ኝ ይሆናሉ፤ ኃምስም በሺፍት ኢ ነው። ካፕስ ሎክ ሳይታወቅ ከበራ ተ የተባለው ጤ፣ ነ የተባለው ኜ ሆኖ ይወጣል። አራት ነጥብ ኮለንን ሁለቴ መምታት ነው። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም እጇ የለመደ ጸሐፊ መጀመሪያ ላይ ፍጥነቷ መቀነሱ አይቀርም፤ በዚያ ሰሞን አስቸኳይ ሥራ ባይሰጣት ጥሩ ነው።

ያልተፈታው የድሮ ፋይል ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ 2000 ባሉ ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፈ ውል ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይታያል። ከሥር የተቀመጠው ኮድ የላቲን ስለሆነ ፎንቱን አቢሲኒካ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት መቀየር ምንም አያመጣም። ለማንበብና ለማተም የድሮውን ፎንት ፋይል ሚንት ላይ መጫን ይበቃል፤ ለማረም ግን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ኒያላ በሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት የተጻፈው ይነበባል፣ ፎንቱ ሚንት ላይ ስለሌለ ግን መስመሩና የገጽ ቁጥሩ ይዛባል። ገጹ ተቆጥሮ ለፍርድ ቤት የሚገባ አቤቱታ እዚያው ዊንዶውስ ላይ ፒዲኤፍ ይደረግ።

ፕሪንተር ላይ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ተጨማሪ ፕለጊን ስለሚያወርድ በሚጫንበት ሰዓት ኢንተርኔት ይኑር። ካኖን ኤልቢፒ 6030 የካኖንን የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል። የድሮ ፋይል የበዛበት ቤት አንድ ዊንዶውስ ማሽን ከኢንተርኔት ነቅሎ ለመቀየሪያ ብቻ ቢያቆይ ይበጀዋል።