ተነሥተው የሄዱ ሴቶች

ዘንድሮ ክረምቱን የፍቅር ልብወለድ ብቻ ሳነብ ነው የከረምኩት። አቅጄው አይደለም። መጀመሪያ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደገምኩ፤ ከዚያ አንዱ መጽሐፍ ሌላውን እየጎተተ መጣ። ዝናቡም አግዞኛል። ሐምሌ ላይ ከሥራ ወደ ቤቱ የገባ ሰው መልሶ አይወጣም። ያነበብኩት ከመደባለቁ በፊት የተሰማኝን ልጻፈው ብዬ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያወቅነው በጆሯችን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ፊታውራሪ መሸሻን በሌላ ድምፅ ማሰብ ይከብደዋል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ግን ቁጭ ብለው በዓይን ሲያነቡት ሌላ ነገር ይታያል። ከ500 ገጽ በላይ በሆነው መጽሐፍ ውስጥ ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለወንጌል ቶሎ አይገናኙም። ከእነሱ በፊት የበዛብህ እናትና አባት አሉ፤ ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ። አፍላነታቸው ካለፈ በኋላ የተጋቡ ሁለት ሰዎች ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አብልጬ የወደድኩት የእነሱን ፍቅር ነው። ማንም ስለ እነሱ አያወራም። ግን ጎጆ አላቸው፣ ልጅ ይታመምባቸዋል፣ አብረው ይጨነቃሉ። ልጁ እንዲተርፍላቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። የመጽሐፉ ጣጣ ሁሉ ከዚያ ስለት ይመዘዛል።

በዛብህ ግን ያናድደኛል። አውቃለሁ፣ ይህን ማለት ነውር ነው። ቅኔ የተማረ፣ ጨዋ፣ ልቡ ንጹሕ ልጅ ነው። ግን ይፈራል። ስለቱን ይፈራል፣ ጌቶቹን ይፈራል፣ የራሱን ልብ ይፈራል። ሰብለወንጌል ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራችን የሚመጥን ባል ጠፋ እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ የሄደባት ሴት ናት። ጉዱ ካሣ ያንን ሥርዓት በአፉ ይታገለዋል፤ ንግግሩም ያምራል። እሷ ግን በእግሯ ነው የታገለችው። የፊታውራሪ ልጅ፣ አሽከር ሳይከተላት ከደጅ የማትወጣ ወይዘሮ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ሰውዬዋን ፍለጋ ትወጣለች።

አልቅሼ እንደሆነ ለሚጠይቀኝ፣ አዎ፣ አልቅሻለሁ። በዛብህ ሲሞት ግን አይደለም። እሱን ርእሱ ራሱ ቀድሞ ነግሮናል። ያለቀስኩት እሷ ልብሷን ስትቀይር ነው።

ከዚያ በኋላ የያዝኩትን መጽሐፍ ሁሉ አንድ ጥያቄ እየጠየቅኩ ነው ያነበብኩት። ማን ተነሥቶ ሄደ?

ቀጥሎ «ጦቢያ»ን አነሣሁ። አፈወርቅ ገብረኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ የአማርኛ ልብወለድ መጀመሪያ የሚባለው ነው። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ጦርነት አለ፣ የሚማረክ አባት አለ፣ የአባቱን ማስለቀቂያ ዕዳ ሊከፍል ወጥቶ የሚጠፋ ወንድም አለ። ጦቢያም ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ትወጣለች። በምን ለብሳ? በወንድ ልብስ! ይባስ ብሎ በደረሱበት ቤተ መንግሥት ያለች ወይዘሮ «ልጁን» ትወደዋለች። ብቻዬን ስቄያለሁ። መጨረሻው ሠርግ በሠርግ ነው፤ እንደ ተረት ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ገጸ ባሕርያቱን ጠለቅ ብሎ አያሳይም፤ ግን ታሪኩ ይሮጣል።

በሁለቱ መጻሕፍት መካከል 58 ዓመት አለ። በሁለቱም ሴቷ መንገድ ለመውጣት ሴትነቷን መደበቅ ነበረባት። ደራሲዎቹ ተመካክረው አይደለም። መንገዱ እንደዚያ ስለነበረ ነው። እኔስ ብሆን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ታክሲ ስጠብቅ ያንን የወንድሜን ሰፊ ጃኬት ኮፍያውን ደፍቼ አይደል የምቆመው?

«ኦሮማይ»ን መተቸት ያስፈራል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ላይ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሰው ሕይወቱን የከፈለበትን መጽሐፍ ይዞ «የሴቷ አሳሳል አልተመቸኝም» ማለት ቅብጠት ይመስላል። ግን አልተመቸኝም። ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚባለው ጋዜጠኛ ደርግ ኤርትራ ላይ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ሲሄድ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትተናት እንሄዳለን። አስመራ ላይ ፊያሜታ ትመጣለች። እሷ ስትገባ ገጹ ይሞቃል፤ በዓሉ የከተማ ምሽት ሲጽፍ የሚያህለው የለም። ግን ፊያሜታን የማያት በፀጋዬ ዓይን ነው። ዓይኗን አውቃለሁ፣ አካሄዷን አውቃለሁ፣ ሳቋን አውቃለሁ። ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታስብ ግን እንጃ። ያቺ ሴት በዚያች ከተማ፣ በዚያ ጦርነት መሃል ምን ያህል ነገር ተሸክማ እንደምትዞር ሳስበው፣ የእሷን መጽሐፍ ማንበብ አማረኝ።

ጓደኛዬ በዚህ አልተስማማችም። «አንቺ ደግሞ! ጦርነቱን እኮ ነው የጻፈው፤ ፍቅሩ ማጣፈጫ ነው» አለችኝ። ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ ሀገር የሚያነቡት ሰዎች ምን እንደሚሉ ለመስማት ግን ጓጉቻለሁ። ትርጉሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

«ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ያወረሰችኝ እናቴ ናት፤ ጠርዙ አልቆ በፕላስተር ተይዟል። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ይህን እያወቁ ማንበብ ሌላ ስሜት አለው። ነገ መኖሩን ያላወቀ እስረኛ ስለ ቀሚስና ስለ ጭፈራ ቤት እየተረጎመ ሲያድር ይታየኛል። የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ስካርሌት እንደሆነ መሄድ አያቅታትም። አትላንታ ስትቃጠል በሠረገላ ወደ እናቷ ቤት የምትነዳው እሷ ናት። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የሚያገለግሉት ጥቁሮች ባሪያ መሆናቸውን ደራሲዋ እንደ ደግ ዘመን ትዝታ ነው የምታወራው። ባለቤቶቹ ቤታቸው ፈረሰ ብዬ እንዳዝን ትፈልጋለች። አላዘንኩም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ክረምቱን የበላብኝ «ጄን ኤር» ነው። ሻርሎት ብሮንቴ ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1847 ስታሳትም ከረር ቤል በሚል ስም ነበር፤ ወንድ ይሁን ሴት የማይለይ ስም። ይሄው እንግዲህ፣ እዚህ ደግሞ የተሸሸገችው ደራሲዋ ራሷ ናት።

ጄን ወላጅ የላትም፣ ቆንጆም አይደለችም። በአንድ ትልቅ ቤት ልጅ ለማስተማር ተቀጥራ ትገባለች። የቤቱ ጌታ ሮቸስተር ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። በሠርጋቸው ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሰውዬው ሚስት እንዳለው ይነገራል። ሚስቱ የአእምሮ ሕመምተኛ ናት፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ተቆልፎባት ነው የኖረችው። ሮቸስተር ይለምናል። ወደ ሌላ ሀገር እንሂድ፣ ማን ያውቀናል፣ እንኑር ይላል። እሷም እየወደደችው፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በር ከፍታ ትወጣለች።

ሰብለ ወደምትወደው ሰው ነው የሄደችው። ጄን ከምትወደው ሰው ነው የሄደችው። የቱ ይከብዳል ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ ለእኔ የጄን ይከብዳል። ብሮንቴም አታለባብስላትም። ያለቻትን 20 ሽልንግ ለሠረገላ ከፍላ፣ ገንዘቧ እስከሚያደርሳት ትሄዳለች። ሠረገላው ውስጥ ጓዟን ትረሳለች። ሜዳ ላይ ታድራለች። በመሐረቧና በጓንቷ ዳቦ ልትለውጥ ስትጠይቅ እምቢ ትባላለች። በመጨረሻ ለዐሣማ ሊደፋ የነበረ የቀዘቀዘ ገንፎ ለምና ትበላለች። የፍቅር ልብወለድ ውስጥ ረኃብን እንዲህ አድርጎ የጻፈ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

ኋላ ላይ ከአጎቷ 20,000 ፓውንድ ትወርሳለች፤ ከዘመዶቿ ጋር ለአራት እኩል ትካፈለዋለች። ወደ ሮቸስተር የምትመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ የራሷ ገንዘብ ይዛ፣ በራሷ ፈቃድ። ያቺ የተቆለፈባት ሚስት ግን ትቆጨኛለች። ከጃማይካ የመጣች ሴት ናት። በመጽሐፉ ውስጥ ትጮኻለች፣ ትስቃለች፣ ቤት ታቃጥላለች፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስተካክላ እንድትናገር ግን አልተፈቀደላትም። ተነሥታ መሄድ ያልቻለችው እሷ ናት።

ይህን ታሪክ አረብ ሀገር ሰው ቤት ለምትሠራው የአክስቴ ልጅ በስልክ ነገርኳት። እሷ ልብወለድ የምትወደው በትረካ ነው፤ ማታ ልብስ ስትተኩስ በአንድ ጆሮዋ ታዳምጣለች። ማንኛውንም መጽሐፍ ከመጀመሯ በፊት «ይጋባሉ?» ብላ ትጠይቃለች። ካልተጋቡ አትጀምረውም። እኔ ደግሞ ስለ ፍቅሩ፣ ስለ ክብሯ፣ ስለ ሕሊናዋ አብራራላት ጀመር። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ደመወዟንስ ተቀብላ ነው የወጣችው?» አለች።

«አይ፣ ዝም ብላ ነው የወጣችው።»

«ፓስፖርቷስ እጇ ላይ ነበር?»

ያኔ ፓስፖርት ምናምን የለም አልኳት። እዚያው እንግሊዝ ሀገር ነው፣ በሠረገላና በእግሯ ነው የሄደችው። «እንግዲያማ ዕድለኛ ናት» አለችኝ። ሮቸስተርን ደግሞ ገና ስሙን ሳልጠራላት ጠልታዋለች። «ሚስቱን ቆልፎ ሠራተኛዋን የሚያሽኮረምም ባልማ እዚህም ሞልቷል። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ሳምንት ነበር ለደላላው የምደውለው።»

ይህን መጽሐፍ ስንት ፕሮፌሰር እንደጻፈበት እንጃ። እኔ ግን ጄን በዚያ ቤት ከሁሉ በፊት ቅጥረኛ መሆኗን ያየሁት በአክስቴ ልጅ ጥያቄ ነው። አሠሪዋ ነው የሚወዳት። የምትተኛበት ክፍል የእሱ ነው፣ የምትበላው እንጀራ የእሱ ነው። እምቢ ስትል ፍቅረኛ ብቻ ሳይሆን መኝታና ደመወዝም ነው የምታጣው። ከዚያ ወዲያ ያ የገንፎው ገጽ ለእኔ ሌላ ሆነ።

የጄን ኦስተንን «ፐርስዌዥን» በመሃል ነው ያነበብኩት፤ የእኔን መለኪያ ያበላሸብኝ እሱ ነው። አን ኤሊየት 27 ዓመቷ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ድሃ የባሕር ኃይል መኮንን ሊያገባት ፈልጎ፣ እንደ እናት የምታያት ሴት «አይሆንሽም» ስላለቻት ትታዋለች። ዘመድ የመከረው፣ ቤተሰብ የናቀው ትዳር፤ ይሄማ የእኛው ሰፈር ወሬ ነው። አሁን ሰውዬው ሀብታም ሆኖ ተመልሷል። አን የትም አትሄድም። ቁጭ ብላ የሌሎችን ልጆች ታስታምማለች፣ ፒያኖ ትመታላቸዋለች፣ እሱ ከሌላ ሴት ጋር ሲጫወት ታያለች። በመጨረሻ ግን ሰው በተሞላ ክፍል ውስጥ ሴት ስትወድ ተስፋዋ ከሞተም በኋላ እንደምትወድ ትናገራለች። የምታናግረው ሌላ ሰው ነው። እሱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እየጻፈ ይሰማታል፤ ደብዳቤውንም ያንኑ ጊዜ ይጽፍላታል። አንድ ንግግር ብቻ ነው። ከመንገድ አይተናነስም።

ከአራት ኪሎ መንገድ ዳር የገዛኋቸው ቀጫጭኖቹ የእንግሊዝኛ ፍቅሮችም አሉ፤ የሚልስ ኤንድ ቡን ዓይነቶቹ። ሰውዬው ሁልጊዜ ረጅምና ሀብታም ነው፤ መጀመሪያ ይጣላሉ፣ መጨረሻ ላይ ይጋባሉ። አንዱን ካነበቡ ሁሉንም አንብበዋል። አልንቃቸውም፤ የደከመኝ ቀን ማታ የማነሣው እነሱን ነው። ለአክስቴ ልጅ ይሆኗታል ብዬ የአንዱን ታሪክ ብነግራት ግን «ይሄስ ውሸት ነው» ብላ አቋረጠችኝ። የፈለገችው ያችን ደመወዟ ሳይከፈላት የወጣችውን ነው። መጨረሻውን ብታውቀውም ከመጀመሪያው እንድነግራት ትፈልጋለች።

ስለዚህ አሁን በየማታው ጄን ኤርን በራሴ አማርኛ እያወራሁ በድምፅ እልክላታለሁ። ወጋየሁ ንጋቱን ነፍሱን ይማረው፤ ይህ ሥራ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ትናንት የደረስነው ሮቸስተር እንደ አሮጊት ጠንቋይ ሴት ለብሶ ተቀምጦ፣ የጄንን ልብ ሊያወጣጣ የሚሞክርበት ጋ ነው። ጦቢያና ሰብለ የወንድ ልብስ የለበሱት መንገድ ለመሄድ ነበር። እሱ የሴት ልብስ የለበሰው ሠራተኛውን ሊሰልል ነው። የአክስቴ ልጅ ሰምታ የላከችው መልስ ለዚህ ማስታወሻ አይመጥንም። መጨረሻው ላይ ግን «ቀጥዪ፣ ነገ የምተኩሰው ብዙ ነው» ይላል።