የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት

ባቱ አካባቢ አንድ አነስተኛ የዓሣ እርባታ ውስጥ እሠራለሁ። የምናረባው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ድፍርስ አረንጓዴ የአፈር ኩሬ አለን። ሁለት የሲሚንቶ ገንዳዎችም አሉን፤ እነሱ የኔ ኩራት ነበሩ። የጉድጓድ ውሃ ቶሎ ቶሎ እቀይርላቸዋለሁ፣ ግድግዳውን በብሩሽ እፈትጋለሁ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እነሱን ነው።

መኖ ሲወደድ ባለቤቱ የዓሣ ዱቄቱን አስወጣው። የኑግ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተርና ፉርሽካ ብቻ ቀረ። "ፕሮቲኑ ይሞላል?" አለኝ። ሒሳቡን ሠራሁ፤ ይሞላል። በቃ፣ እሱ ነበር ጥያቄያችን።

ሁለት ወር ከምናምን ሲሆን የገንዳዎቹ ዓሦች ማደግ አቆሙ። አንዱን አውጥቼ ስይዘው የስንጥቡ ክዳን እንደ እርጥብ ካርቶን ይታጠፋል። ጀርባቸው የጎበጠም ነበሩ። አጥንት ነዋ! አጥንት ደግሞ ካልሲየም ነው። ከጎረቤት ዶሮ አርቢ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ለምኜ መኖው ላይ ጨመርኩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት... ምንም። እንዲያውም ባሰባቸው።

ሲጨንቀኝ ጡረታ የወጡ አንድ የዓሣ ባለሙያ ለምኜ አመጣሁ። ገንዳውን ገረፍ አድርገው አዩና ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሻይ የምናፈላበትን ማንቆርቆሪያ ክዳን አንስተው ውስጡን በጥፍራቸው ፋቁት። ነጭ ቅርፊት ወጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ውሃው ነው ጋሼ፣ ሁሌም እንዲህ ይሠራል።"

"ካልሲየም ነዋ! ዓሣ ካልሲየሙን በስንጥቡ ከውሃ ይስባል። አንተ በሞላው ላይ ትጨምራለህ?"

የጎደለው ፎስፈረስ ነበር፤ አጥንት ያለ እሱም አይጠነክርም። እሱ ውሃ ውስጥ ለወሬ ያህል ነው የሚገኘው፤ ከመኖ ካልመጣ አይመጣም። ቆሮሶ ከ100 ኪሎ መኖ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሰውነቱ ሊጠቀምበት የሚችል ፎስፈረስ ይፈልጋል። የኔ መኖ በወረቀት ሲታይ አያንሰውም ነበር። ግን የእህልና የፋጉሎ ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ፋይቴት በሚባል ነገር የታሰረ ነው፤ ዓሣ ደግሞ መፍቻው ኢንዛይም የለውም። በልቶ መልሶ ያወጣዋል። ያ የደከምኩበት ኖራ ደግሞ ከፋይቴቱ ጋር ተባብሮ ዚንኩንም ያስርበታል። "ትራውት የሚባለው ዓሣ ቢሆን ዚንክ አጥቶ ዓይኑ ሞራ ያወጣብህ ነበር" አሉኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። "የኩሬው ዓሦችስ? ያንኑ መኖ እየበሉ ምንም አልሆኑም።"

ሳቁብኝ። "እነሱማ አንተ በብሩሽ የምትፈትገውን ይበላሉ።"

አልጌውን፣ ትላትሉን፣ ጭቃ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማለታቸው ነው። ንጹሑ ገንዳ ውስጥ ግን ከኔ እጅ ሌላ የሚበላ የለም።

አሁን በሳምንት አንዴ ዝዋይ ሐይቅ ዳር እወርዳለሁ። ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች የሚጥሉትን ጭንቅላትና አጥንት ከአባ ኮዳዎቹ ጋር እየተሻማሁ እሰበስባለሁ። ቀቅለን፣ አድርቀን፣ ፈጭተን መኖው ውስጥ እንጨምራለን። ከዚያ ወዲህ የገቡት ጫጩቶች ቀጥ ብለው አደጉ። የጎበጡት አልተቃኑም፤ ጠብሰን በላናቸው።

አንዱን ገንዳ መፈተግ ትቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም የምወስደው ወደ ሌላኛው ነው።