ጭዱ ለምን ይተኛል?

ዘንድሮ ክረምቱ የእናቴን ማድ ቤት ግድግዳ ገሸለጠው። ከተማችን ጎንደር የምትታወቅበት ግንብ በኖራ ነው የቆመው፤ የኛ ቤት ግን ጭቃና ጭድ ነው። ጥቅምት ሲገባ የሰፈራችን ሽማግሌ መራጊ ተጠሩ። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ያን ቅዳሜ ግን ሥራዬ ጭቃ መርገጥ ነበር።

ጭቃው ቦክቶ ሰንብቷል። ቁርጭምጭሚቴን እየዋጠ በቀላሉ ይላወሳል። ሽማግሌው አንድ እቅፍ የጤፍ ጭድ በተኑበት። ጥቂት ረገጥሁና እግሬን ሳነሣ ጭቃው አብሮ ተነሣ።

«አያ፣ ውኃ ልጨምርበት?»

«ተው! ውኃ የበዛበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርገጠው፣ እሱው ይለዝብልሃል።»

ረገጥሁት፤ ለዘበ። ትንፋሽ ልውሰድ ብዬ ስቆም መልሶ ጨመደደኝ። ግማሹ የአፈሩ የራሱ ጠባይ ነው። ሌላው ግማሽ ግን የጭዱ ነው።

አንድ ጭድ ብቻ እናስብ። ፈሳሽ ሲፈስ ከላይ ያለው ይፈጥናል፣ ከታች ያለው ይጎተታል። በመካከሉ ጭድ ቀጥ ብሎ ቢቆም አናቱ ወደፊት ይገፋል፣ እግሩ ወደኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ይገለበጣል። ከፍሰቱ ጋር ሲተኛ ግን ከላዩና ከታቹ ያለው ፍጥነት ተቀራራቢ ነው። የሚያዞረው ኃይል ያጣል። ጨርሶ ግን አያጣም፣ ምክንያቱም ጭዱ ትንሽም ቢሆን ውፍረት አለው። ስለዚህ ቀስ እያለ ይዞርና በድንገት ዘፍ ብሎ ይገለበጣል። ከዚያ እንደገና ይተኛል።

ይህን በስሌት ያሳየው ጄፈሪ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው ነው፣ በፈረንጆቹ 1922። እሱ ያሰላው እንደ ረጅም እንቁላል ለሆነ ቅርጽ ቢሆንም ለጭድም ይቀርባል። ፍጥነቱ በየሳንቲ ሜትሩ ከፍታ በሴኮንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ይጨምራል እንበል። እንደ ድንብላል ክብ የሆነ ነገር በ12.6 ሴኮንድ አንድ ዙር ይዞራል፣ ያውም እኩል እየተሽከረከረ። ርዝመቱ የውፍረቱ 20 እጥፍ የሆነ ዘንግ ግን አንድ ዙር 126 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ግማሹን ዙር፣ ማለትም 63 ሴኮንዱን ብትቆጥሩ፣ 61ዱን ተጋድሞ ነው የሚያሳልፈው። ግልበጣው 2 ሴኮንድ ነው። ኋላ ወንበር ላይ እንደዚህ ያለ ተማሪ አለኝ። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ይተኛና ደወል ሲሰማ ከሁሉም ቀድሞ በር ላይ ይገኛል።

ጭቃ እንደ ዘይት ገር ፈሳሽ ስላልሆነ ቁጥሩ እንዳለ አይሠራም። የመተኛት ነገሩ ግን እዚያም አለ።

(ነገሩን በማር ልሞክር ብዬ የእናቴን አንድ ብርጭቆ ማር አበላሽቻለሁ። አንዷን መርፌ ቁም፣ አንዷን አግድም ለቀቅኋቸው። የቆመችው ቀድማ ወረደች። በጣም ቀጭን ለሆነ ዘንግና ለሰፊ ዕቃ፣ ቁም የሚወርደው ወደ ሁለት እጥፍ ይፈጥናል ይላል ስሌቱ። ሦስተኛዋ፣ ዘመም ያለችው፣ ወደ ጎን እየተንሸራተተች ወርዳ ብርጭቆውን ነካች። እናቴ «መርፌዎቹን ቆጥረህ አውጣ» ብላ ተነሣች።)

አሁን ጭዱን እናብዛው። ክብ ቅንጣቶች ፈሳሽን ምን ያህል እንደሚያወፍሩ ያሰላው አንስታይን ነው፤ የፈሳሹን አንድ በመቶ ቢሆኑ 2.5 በመቶ ያህል ያወፍሩታል። መጀመሪያ ተሳስቶ በ1911 ነው ያረመው። ይህን ለተማሪዎቼ መንገር ደስ ይለኛል። ዘንግ ግን ከዚህ ይብሳል፣ ሲገለበጥ በርዝመቱ ልክ ቦታ ይፈልጋልና። ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመትና አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጭድ፣ ከጭቃው ከሺህ ሁለት እጅ ያህል ሲሆን ገና ከጎረቤቱ ጋር መጋጨት ይጀምራል። ከዚያ በላይ ሲሆን መገለባበጡ ይቸግራል፣ ጭቃውም ይጨመድዳል። ስንረግጠው ደግሞ ጭዶቹ ወደ ፍሰቱ ይተኙና መንገድ ይለቃሉ። ሽማግሌው «ይለዝብልሃል» ያሉት ይህንንም ይጨምራል።

ምርጊቱ ከሰዓት ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር ከታች ወደ ላይ መረጉት። ጠፈፍ ሲልላቸው ሁለተኛውን አግድም ደገሙበት።

«አያ፣ ለምን አግድም?»

«ጭዱ ከስንጥቁ ጋር አብሮ ከተኛ ምኑን ይይዘዋል? ተሻግሮ ነው እንጂ።»

የመራጊው እጅ ራሱ ጭዱን እያስተኛው እንደሚሄድ ያወቅሁት ያኔ ነው። ግድግዳውን ቀረብ ብዬ አየሁት። ጭዶቹ የሽማግሌው ክንድ በሄደበት እንደ ቀስት ጎብጠው ተሰልፈዋል። ክንዳቸው የት እንደ ጀመረና የት እንዳረፈ ይታያል።

ከበሩ ጎን ያለችዋን አንዲት ክንድ የምታህል ቦታ እኔ ነበርሁ የመረግኋት። እዚያ ጭዶቹ እንደ ጃርት እሾህ በየአቅጣጫው ተበታትነዋል። እናቴ ቡና ይዛ ስትወጣ ዐይኗ ቀጥታ እዚያ ላይ አረፈ።

«ይችን ማን መረጋት?» አለች።

ሽማግሌው ስኒያቸውን አንሥተው ወደ እኔ አዩ።