የተጸውዖ ስምና የወል ስም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ስደርስ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ራሙ 1 ጊጋባይት ነው፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከመብራት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በእጃቸው የጻፏቸውን የሰዋስው ማስታወሻዎች በኮምፒውተር መገልበጥ ይፈልጋሉ። አዲስ እገዛልዎታለሁ ብላቸው እምቢ አሉ። «ያለውን አምጣልኝ፤ የሚጽፍ ከሆነ ይበቃኛል» አሉኝ።

እንዲህ ላለ ማሽን ከባድ ዴስክቶፕ፣ ማለትም አሞሌውም ምስሉም የተሟላለት የስክሪን ገጽታ፣ አይሆንም። ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ጫንኩና ከላዩ ኦፕንቦክስን አስቀመጥኩ። ኦፕንቦክስ የመስኮት አስተዳዳሪ ነው፤ መስኮቶችን ያስቀምጣል፣ ያንቀሳቅሳል፣ ይዘጋል፤ ሥራው በዚህ ያበቃል። ከታች የሚዘረጋ አሞሌ አብሮት አይመጣም፤ ገጹ ላይ የሚደረደር ምስልም የለውም። ባዶው ገጽ ላይ የማውዙን ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ምናሌ ብቅ ይላል፤ ወደ ፕሮግራሞቹ መግቢያው በር እሱ ነው። የመጨረሻው እትም 3.6.1 የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ዛሬም በጸጥታ ሥራውን ይሠራል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም እወዳለሁ።

ምናሌው የሚነበበው ከአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ነው፤ ኤክስኤምኤል መረጃ በሚከፈቱና በሚዘጉ ምልክቶች መካከል የሚጻፍበት ስልት ነው። ፋይሉን በእጅ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ዛሬ የተጻፈው ነገ አዲስ ፕሮግራም ሲጫን ያረጃል። ስለዚህ ሰዎች ምናሌውን የሚያመነጩ ፕሮግራሞችን ሠሩ። ሜኑሜከር በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፏል፤ ኦቢሜኑ ጄኔሬተር በፐርል። ፍላክስቦክስና አይስደብሊውኤም የሚባሉት ሌሎች የመስኮት አስተዳዳሪዎችም የየራሳቸው አላቸው። ዴቢያን ውስጥ ደግሞ ቀድሞ አንድ የጋራ ሥርዓት ነበር፤ እያንዳንዱ የፕሮግራም ጥቅል ስለ ራሱ የምትናገር አጭር ፋይል ይዞ ይመጣና የሁሉም የመስኮት አስተዳዳሪዎች ምናሌ በአንድ ጊዜ ይታደስ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የዴቢያን የቴክኒክ ኮሚቴ፣ የዴስክቶፕ ፋይል የሚባለው ሌላ መግለጫ ያለው ጥቅል ያንን የድሮ ፋይል እንዳያመጣ ወሰነ። በውሳኔው እስማማለሁ። አንድ ነገር በሁለት ቦታ ከተጻፈ ከሁለቱ አንዱ መዋሸቱ አይቀርም።

አሁን የሁሉም ምንጭ የዴስክቶፕ ፋይል ነው። ፕሮግራም ሲጫን፣ ስሙን፣ የሚነሳበትን ትእዛዝና ምድቡን የያዘች ትንሽ የጽሑፍ ፋይል በአንድ የታወቀ ማህደር ውስጥ ትቀመጣለች። ምናሌ ማመንጨት ማለት እነዚያን ፋይሎች ማንበብ፣ በየምድባቸው መደርደርና ኦፕንቦክስ በሚገባው መልክ መጻፍ ነው። ዝግጁ መሣሪያ እያለ እኔ በፓይተን የራሴን ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕት፣ ጻፍኩ፤ አባቴ «ይህ ለምን እዚህ ሆነ?» ብለው መጠየቃቸው እንደማይቀር አውቃለሁና እያንዳንዱን መስመር ማስረዳት ፈለግኩ።

የመጀመሪያው ምናሌ ወጣ። ረጅም ነበር። ያነበብኳቸውን ፋይሎች በሙሉ አሰልፌአቸው ነበር፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ግን ለሰው ዓይን የተጻፉ አይደሉም። አንዳንዱ የሚኖረው ይህን ዓይነት ፋይል የሚከፍተው እኔ ነኝ ብሎ ለማስመዝገብ ብቻ ሲሆን፣ «አታሳየኝ» የሚል መስመር አለው። ሌላው በአንድ በተለየ ዴስክቶፕ ውስጥ ብቻ እንዲታይ የተወሰነ ነው። ሌላው ደግሞ ፕሮግራሙ መኖሩን አጣርተህ አሳየኝ ይላል። እነዚህን ሦስቱን ሳከብር ዝርዝሩ ከግማሽ በታች ወረደ።

አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ምናሌውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ዝም አሉ። ቆየት ብለው፦

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ የተጸውዖ ስም ነው። የወሉ የታለ?»

ይህን ጥያቄ ከማንም ኮምፒውተር አዋቂ ሰምቼው አላውቅም። አበበ የተጸውዖ ስም ነው፤ ሰው የወል ስም። አበበን የማያውቅ ሰው «አበበ» ተብሎ ቢጻፍለት ምን ይረዳዋል? ምናሌው ላይ የተሰለፉት ሠሪዎቻቸው ያወጡላቸው ስሞች ነበሩ፤ ከስሞቹ የትኛው እንደሚጽፍ፣ የትኛው እንደሚደምር፣ የትኛው ፎቶ እንደሚያሳይ የሚናገር አልነበረም። እኔ ለዓመታት ስለለመድኳቸው እንደ ወል ስም አነባቸው ነበር።

የሚያስደንቀው፣ የዴስክቶፕ ፋይሉን ደንብ የጻፉት ሰዎች ይህንኑ አስበውበታል። በፋይሉ ውስጥ ከስሙ ሌላ «አጠቃላይ ስም» የሚባል ሁለተኛ መስመር መጻፍ ይቻላል፤ «ድረ ገጽ ማንበቢያ»፣ «ጽሑፍ ማዘጋጃ» እንደ ማለት ነው። ቃል በቃል የአባቴ የወል ስም ነው። ሁለቱም መስመሮች በየቋንቋው ሊተረጎሙ ይችላሉ፤ የኮምፒውተሩ ቋንቋ የኢትዮጵያ አማርኛ ከሆነ መጀመሪያ የኢትዮጵያው አማርኛ ይፈለጋል፣ ከሌለ አማርኛ በጠቅላላው፣ እሱም ከሌለ ያልተተረጎመው ይወሰዳል። ስክሪፕቱን ቀየርኩት፤ አስቀድሞ የአማርኛውን አጠቃላይ ስም ፈልግ፣ ካጣህ የአማርኛውን ስም፣ ሌላው ከዚያ በኋላ።

ካጣህ ያልኩት ብዙ ጊዜ ሆነ። ጥቂት ፕሮግራሞች የአማርኛ መስመር ነበራቸው፤ የቀሩት ግን ፈረንሳይኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኢስቶንኛ ሳይቀር ይዘው አማርኛ ላይ ባዶ ናቸው። ይህ ልቤን ይነካዋል። የአንድ ፕሮግራም ስም ለመተርጎም መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ መስመር ነው። የግዕዝ ፊደል፣ የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፊደሉ በሩን አልፎ ከገባ ይህን ያህል ዘመን ሆኖታል፤ ቃላቱን የምናስገባው እኛ ነን።

ስለዚህ ማታውን ከአባቴ ጋር ስም ስናወጣ አመሸን። ለዚህ ደንቡ ጥሩ መንገድ አለው፤ የዴስክቶፕ ፋይሉን ቅጂ በዚያው የፋይል ስም በተጠቃሚው የግል ማህደር ውስጥ ካስቀመጡት የሥርዓቱን ይሽረዋል። ፕሮግራሙ ቢታደስም የእኛ ስም አይነካም። አንድ በአንድ ፕሮግራሙን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ፤ «ይህ ምን ይሠራል?» ይላሉ፤ እነግራቸዋለሁ፤ ስሙን ይሰጡታል። ሒሳብ ማስሊያ። ሙዚቃ ማጫወቻ። ሬዲዮ። ሰነዶች። ጽሑፍ ማዘጋጃ። ድረ ገጽ መክፈቻውን በመጻሕፍት እንደተለመደው «ማሰሻ» ልበለው ስል እናቴ ከወጥ ቤት ሰማችኝና «የምጣድ ማሰሻ ምን ልታደርግበት ነው?» አለች። ለእሷ ማሰሻ ምጣድ የሚታሰስበት ነው፤ ትክክልም ናት። «ኢንተርኔት» ብለን አለፍነው።

በማግሥቱ ሁለት ነገር ተበላሸ። አባቴ «ጽሑፍ ማዘጋጃ» የሚለውን ሲጫኑ ፕሮግራሙ የሌለ ፋይል ፈልጎ እንዳጣ ተናገረ። ጥፋቱ የስክሪፕቴ ነበር። በዴስክቶፕ ፋይሉ ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የፐርሰንት ምልክትና አንድ ፊደል ይኖራል፤ «እዚህ ላይ የፋይሉን ስም ተካ» ማለት ነው። ከምናሌ ሲነሳ የሚተካ ፋይል ስለሌለ ምልክቱ መውጣት አለበት፤ እኔ እንዳለ ገልብጬው ስለነበር ፕሮግራሙ ምልክቱን የፋይል ስም መሰለው።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። ስክሪፕቱ ምናሌውን እየጻፈ ሳለ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ባትሪ ስለሌለው አብሮ ጠፋ፤ መብራቱ ሲመለስ ፋይሉ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። የተቆረጠ ኤክስኤምኤል ደግሞ አይነበብም። አባቴ ቀኝ ቁልፉን ይጫናሉ፤ የሠራንላቸው ምናሌ የለም። እኔ አዲስ አበባ ብሆን ኖሮ መግቢያው በር ተዘግቶባቸው ይቀሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱ ምናሌውን በሌላ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ሙሉ በሙሉ ዲስኩ ላይ ማረፉን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ብቻ ስሙን ቀይሮ በአሮጌው ቦታ ይተካዋል። መብራት በየትኛውም ቅጽበት ቢጠፋ ወይ አሮጌው ምናሌ አለ፣ ወይ አዲሱ። ለሰው የሚሰጥ ነገር እንዲህ መጻፍ ነበረበት፤ ከመጀመሪያውም።

የቀረው ቅደም ተከተሉ ነበር። ስሞቹን በዩኒኮድ ቁጥራቸው ስደረድራቸው በሀ ሁ ተራ ይመጣሉ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ፊደሉን ወደ ዩኒኮድ ያስገቡት ሰዎች የልጅነት ገበታችንን ጠብቀውታል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ። ፎቶ የሚያሳየውን ፕሮግራም እኔ «ስዕል መመልከቻ» ብዬ በእሳቱ ሰ ጽፌው ነበር፤ አባቴ አዩትና «ሥዕል በንጉሡ ሠ ነው» አሉ። አረምኩት። ወዲያው ከሰነዶች በታች የነበረው መስመር ዘልሎ ከሬዲዮ በላይ ተቀመጠ።

ሰው የሚፈልገው በድምፁ ነው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ስክሪፕቱ ሲደረድር ሠን እንደ ሰ፣ ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ፀን እንደ ጸ እንዲቆጥር አራት መስመር ጨመርኩ። ምናሌው ላይ የሚታየው አጻጻፍ አይለወጥም፤ ቦታው ብቻ ይለወጣል። አባቴ ልዩነቱን አስተዋሉና ምን እንዳደረግኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች ወረዱ።

«ልጆቹን ሳስተምር» አሉ፣ «ሥዕልን ሠ ላይ የሚፈልግ ልጅ አጻጻፉን አይረሳም። ቦታው ራሱ ያስታውሰዋል። ለእኔ ከሆነ የምትሠራው፣ ሠ በቦታዋ ትቀመጥ።»

ለሌላ ሰው ብሠራው አራቱን መስመሮች እተዋቸው ነበር፤ አሁንም ለብዙ ሰው የሚቀለው ያኛው ይመስለኛል። ይህ ምናሌ ግን የእሳቸው ነው። መስመሮቹን አጠፋሁ፤ ኦፕንቦክስ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ አደረግኩ። አባቴ ቀኝ ቁልፉን ተጫኑ። ሒሳብ ማስሊያ፣ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ሥዕል መመልከቻ፣ ሬዲዮ፣ ሰነዶች፣ ኢንተርኔት፣ ጽሑፍ ማዘጋጃ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተራ በተራ አነበቡት። ከዚያ የመጨረሻውን ተጫኑና የማስታወሻ ደብተራቸውን የመጀመሪያ ገጽ ገለጡ።