ድምፅ መቀነሻው

ዛሬ የእናቴን አሮጌ ሪሞት ይዤ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ወዳለች ትንሽ መጠገኛ ቤት ጎራ አልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አገላበጡት። «ሌላው ቁልፍ ደህና ነው። ድምፅ መቀነሻው ብቻ ተፍቆ አልቋል። ምን ሆኖ ነው ልጄ?»

ሌሊት ነው ያለቀው።

ዲሽ ቤታችን የገባ ሰሞን እናቴ እስክትተኛ እጠብቅ ነበር። ከዚያ የአውሮፓ የሙዚቃ ቻናል እከፍታለሁ። ክለብ፣ ዲጄ፣ ጭስ፣ በላብ የራሰ ፊት። በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ1989 በ150 ሰው ገደማ የተጀመረውን ላቭ ፓሬድ የተባለ የጎዳና ላይ ጭፈራ እንዲህ ነው ያወቅኩት፤ ስፒከር የጫኑ መኪኖች፣ ከኋላቸው የሰው ጎርፍ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ግን ቁጥር አንድ ላይ ነው። ቤዙ አይሰማም። ምቱን ከጨፋሪዎቹ ትከሻ እቆጥር ነበር። እስክስታ እያየ ላደገ ልጅ ትከሻ ማንበብ አይከብድም።

አሁን ያ ሁሉ ሙዚቃ ስልኬ ላይ አለ፣ በሙሉ ድምፅ። የሚናፍቀኝ ግን ያ መጠበቅ ነው። ያመለጠህ አመለጠህ፤ ወደኋላ መመለስ የለም። ከተማው ተኝቶ አንተ ብቻ ግብዣ ላይ ነህ።

ጋሼ «ላስቲኩን ልቀይረው?» አሉኝ።

«ባትሪ መያዣውን ብቻ ይሥሩልኝ» አልኳቸው። «ቁልፉን ይተዉት።»